አእምሮ ሳይደክም የሚደረግ ምክክር፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ስላለ አንድ ክሊኒክ

አባቴ የመርሳት በሽታ እንደጀመረው ከተነገረን በኋላ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚገኝ አንድ ክሊኒክ ለሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጠውን የቅድሚያ ምክክር ሁለት ጊዜ ተጠቅመናል። ዓላማው ታማሚው ነገሮችን ማመዛዘን በሚችልበት ጊዜ፣ ወደፊት ሳይችል ሲቀር ማን በምን ጉዳይ እንዲወስንለት እንደሚፈልግ ራሱ ተናግሮ በጽሑፍ እንዲያሰፍር መርዳት ነው።

አባቴ ገና ከመቀመጡ «ኑዛዜ ልታስጽፉኝ ነው ያመጣችሁኝ?» ብሎ ተቆጣ። ነርሷ ግን እኛን ትታ ወደ እርሱ ዞራ፣ «ኑዛዜ ከሞት በኋላ ነው አባባ፤ የእኛ ጉዳይ በሕይወት እያሉ እንዴት መኖር እንደሚፈልጉ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ የእርሱ ሆነ፤ በቤቱ መታከም እንደሚፈልግ፣ ሕመሙ ሲጠና የንስሐ አባቱ እንዲጠሩለት፣ ጡረታውን እኔ እንድቀበልለት፣ ቤቱ ግን እርሱ በሕይወት እያለ እንዳይሸጥ ተናገረ። ወንድሜ በእርሱ ፈንታ ሊመልስ ሲሞክር በትሕትና ዝም ማሰኘቷን ከሁሉ አብልጬ ወድጄላታለሁ።

የሕግ ማብራሪያውም ያላሰብነውን አሳይቶናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2232 እንደደነገገው፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል፤ ማለትም ተራው ውክልና የሚያከትመው ለእንደ እኛ ዓይነቱ ቤተሰብ እጅግ በሚያስፈልግበት ቀን ነው፤ ቀጥሎ የሚጠብቀው ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት ማሾም ነው። በመሆኑም ውክልናው ከዚያ በኋላም እንዲጸና የሚል ቃል በግልጽ እንዲገባበት፣ ሐኪሙም የአባቴን የማገናዘብ ችሎታ በዕለቱ መርምሮ ማስረጃ እንዲጽፍ መከሩን። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ስለሚያስፈልግ፣ አጠቃላይ ውክልና መስጠቱ ቤቱን ለአደጋ እንደማያጋልጥ ሲረዳ አባቴ ተረጋጋ።

ቅሬታም አለኝ። ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቀጥረን የገባነው አምስት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ብሩህ የሆነው አባቴ በዚያን ጊዜ ደክሞት ነበር። ክፍሉ ከመርፌ ክፍሉ ጋር በስስ ግድግዳ ስለተለየ የሕፃናት ለቅሶ የከበደ ጆሮውን ጭራሽ አውኮታል። ከሁሉ የከፋው ግን የተጻፈው ወረቀት በካርዱ ውስጥ ብቻ መቀመጡ ነው፤ አባቴ ሌሊት ታሞ ወደ ሌላ ሆስፒታል ቢወሰድ ማንም አያየውም። ኮፒ የተሰጠን በሁለተኛው ቀጠሮ አጥብቀን ከጠየቅን በኋላ ነው፤ የምትሄዱ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።