«ኋላ ይጨመራል» ተብሎ የሚሸጥ የጌም ላፕቶፕ፦ ክዳኑ ሳይከፈት ገንዘብ አትክፈሉ

ለጌም የሚሆን ያገለገለ ላፕቶፕ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ባለፈው ሐምሌ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ በ78 ሺህ ብር የገዛሁት ላፕቶፕ ዛሬም ይሠራል፤ አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም። ቅሬታዬ ዋጋውን ባስወደደው ተስፋ ላይ ነው፤ አለ የተባለልኝ የተጨማሪ ዲስክ መሰኪያ ማሽኑ ውስጥ አልነበረምና።

ላፕቶፑ ኮር አይ5 አሥረኛ ትውልድ ሲሆን፣ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) እና ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ነበረው። 256 ለጌም እንደማይበቃ አስቀድሜ አውቅ ነበር። ዊንዶውስ ራሱ ያንን ዲስክ 238 አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ከዚያ ላይ የሲስተሙ ድርሻ ሲነሳ፣ እንደ ኤፍሲ 25 ያለ 100 ጊጋባይት የሚጠይቅ የኳስ ጌም አንድ ብቻ ጭናችሁ፣ 150 ጊጋባይት የሚፈልገውን ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ልጨምር ስትሉ ቦታው ያልቃል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ጫነው የሚል ምክር ይኖራል፤ ነገር ግን በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ተራ የሚባል ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ከ3000 በላይ ስለሚያነብ፣ ልዩነቱ ጌሙ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ የሚጠጣበት ያህል ነው።

ይህንኑ ለሻጩ ስነግረው፣ «አብሽር፣ ውስጡ ሌላ ባዶ የኤንቪኤምኢ ስሎት አለው፤ ኋላ አንድ ቴራ ትጨምርበታለህ» አለኝ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው የደሴ ሰፈር ያለ ሌላ ሱቅ ተመሳሳዩን ማሽን በ71 ሺህ ብር ሊሸጥልኝ ተስማምቶ ነበር፤ ሰባት ሺህ ብር የጨመርኩት ለዚያ ባዶ ስሎት፣ ማለትም ለዲስክ መሰኪያው ስል ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም፤ እኔ ግን ይህን ያህል ብር ያወጣሁበትን ዕቃ ክዳኑን ሳላስከፍት ይዤው ወጣሁ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ የሥራ ባልደረባዬ ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ገዝቶ 400 ኪሎ ሜትር ተሸክሞ አመጣልኝና፣ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። ጠጋኙ በትንሽ ካቻቢቴ ዐሥሩን ብሎኖች አወጣ፤ አንደኛው ከኋላኛው የጎማ እግር ሥር ተደብቆ ስለነበር ክዳኑ እንቢ ብሎ ትንሽ አስቸገረን። ሲከፈት፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ላይ የሁለተኛው ዲስክ ቦታ በነጭ ቀለም ተጽፎ ይታያል፤ የዲስኩ ጫፍ የሚታሰርበት የብሎን መቀመጫም አለ። ዲስኩ የሚሰካበት ማያያዣ ግን የለም። በቦታው ያለው ሳልዳ ተደርጎበት የማያውቅ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ቀጭን ወርቃማ መስመር ብቻ ነው። አምራቾች አንድ ዓይነት ቦርድ ለብዙ ሞዴሎች ስለሚጠቀሙ፣ በርካሹ ሞዴል ላይ ማያያዣውን ሳይገጥሙ እንደሚተዉት ጠጋኙ አስረዳኝ። ማያያዣውን ገዝተን ሳልዳ ብናደርገውስ ብዬ ጠየቅሁት፤ በዙሪያው ያሉት ጥቃቅን ክፍሎችም ስለጎደሉ ልፋቱ ከንቱ እንደሚሆን ነገረኝ።

እንግዲያው ነባሩን 256 አውጥተን አዲሱን በቦታው እናስገባ ተባባልን። እዚህ ላይ ሁለተኛው ችግር መጣ። ነባሩ ዲስክ 2242 የሚባለው፣ ርዝመቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነው አጭር ዓይነት ነው፤ እኔ የያዝኩት ደግሞ በገበያ በብዛት የሚገኘው 2280፣ ማለትም 80 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ባትሪው ከፊቱ ስለተቀመጠ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ዲስኩ አሁን በዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ገብቶ ከላፕቶፑ ጎን እየተንጠለጠለ ያገለግለኛል።

በራሙ በኩል ሻጩ አልዋሸኝም፤ ሁለት ስሎት አለው ያለው እውነት ነበር። ይህን ግን ክዳን ሳይከፈትም ማረጋገጥ ይቻላል፦ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ የሜሞሪውን ገጽ ስታዩ ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል፤ በዓይነቱ ቦታ «ሶዲም» ካለ የሚነቀልና የሚለወጥ ነው፣ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ግን ከቦርዱ ጋር ሳልዳ የተደረገ ነው። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ትውልዶች እርስ በርስ እንደማይተካኩም አትርሱ። ታስክ ማናጀር ባዶ የዲስክ ስሎት መኖር አለመኖሩን ስለማያሳይ፣ ለእርሱ መክፈት የግድ ነው። ሻጩ «ሲከፈት ዋስትናው ይበላሻል» ካላችሁ፣ ያገለገለ ዕቃ ላይ የትኛው የአምራች ዋስትና እንደቀረ በወረቀት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አዲስና የታሸገ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሡና ከአምራቹ ሰነድ ላይ ፈልጉ፤ ሌኖቮ ፒኤስአርኢኤፍ በሚለው ዝርዝሩ፣ ኤችፒ በጥገና መመሪያዎቹ ውስጥ የዲስክ ስሎቶቹን ቁጥርና ዓይነት ያሰፍራሉ። ስሎቱ ኤም.2 (የእነዚህ ቀጫጭን ዲስኮች መሰኪያ ቅርጽ) ስለሆነ ብቻ ኤንቪኤምኢ ይቀበላል ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ ሳታ የሚባለውን የቆየ የዲስክ ዓይነት ብቻ የሚቀበል ኤም.2 አለ፣ የእርሱ ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ገደማ አያልፍም።

ግራፊክስ ካርዱ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ሳልዳ የተደረገ ስለሆነ፣ «እሱንም ኋላ ትቀይረዋለህ» የሚላችሁ ሰው ካለ ሌላውንም ቃሉን ተጠራጠሩ። ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ ለምሳሌ ለላፕቶፕ የተሠራው አርቲኤክስ 3050 ካርድ እንደ አሠራሩ ከ35 እስከ 80 ዋት ሊመደብለት ስለሚችል፣ ሁለት ማሽኖች አንድ ስም ይዘው በጌም ላይ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ።

አቤቱታዬን ይዤ ወደ ሱቁ ስመለስ ከአንድ ወር በላይ አልፎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ቀኑን አሳልፌዋለሁ። ባላሳልፈውም የያዝኩት ደረሰኝ «ላፕቶፕ 1» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። ሻጩም በትሕትና፣ «ስሎት አለው ብዬ የጻፍኩበትን አሳየኝ» አለኝ፤ የማሳየው አልነበረኝም። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ መለያ ቁጥሩና «1 ባዶ የኤንቪኤምኢ ስሎት፣ 2280» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍላችሁ፤ ተጨማሪውን ዲስክም ወር ሳትቆዩ በዚያው ሳምንት አስገጥሙት።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ሱቅ በር ሳልፍ፣ ያንኑ ሞዴል መስኮቱ ላይ ተደርድሮ አየሁት፤ 15.6 ኢንች፣ ጥቁር፣ ኪቦርዱ ቀይ የሚያበራ። የተለጠፈበት ወረቀት «ኤክስትራ ስሎት ያለው» ይላል።