«ከነመገጣጠሙ» ተብሎ የሚሸጥ የጓሮ መዋኛ ገንዳ ልትገዙ ላሰባችሁ

ከመሬት በላይ የሚቆም፣ በብረት ዘንግና በወፍራም ላስቲክ የተሠራ መዋኛ ገንዳ ለግቢያችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በተለይ ሻጩ «ዋጋው ከነመገጣጠሙ ነው፣ እናንተ ውኃ መሙላት ብቻ ነው» ካላችሁ። እኛ የተጎዳነው በዚህ ዓይነት ውል ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሠራተኞቹ ጠዋት መጡ። ሣሩን አልነቀሉም፣ መሬቱን አልለኩም። ላስቲኩን ሣሩ ላይ ዘረጉት፣ ዘንጎቹን አቆሙ። መሬቱ ዝቅ ባለበት በኩል ደግሞ ከእግሮቹ ሥር ቁርጥራጭ ጣውላ ሸጎጡ። ባለቤቴ «ይሄ ጣውላ ይችለዋል?» ብላ ስትጠይቅ፣ «አታስቢ እህቴ፣ እኛ ስንቱን ገጥመናል» አሏት። ውኃው ቁርጭምጭሚት እንኳ ሳይደርስ ቀሪውን ክፍያ ተቀብለው ሄዱ።

ገንዳው ሲሞላ ጉዱ ወጣ። በአንዱ በኩል ውኃው ከጠርዙ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። በሌላው በኩል ግን ለመፍሰስ አራት ጣት አይቀረውም። በዚያ በኩል ላስቲኩ በዘንጎቹ መሃል አብጦ ወጥቷል፤ አንዱ እግር ወደ ውጭ አዘንብሎ ጣውላውን ሰንጥቆታል። ስንደውል «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይረጋጋል» አሉን።

አይረጋጋም። ውኃ የትም ቢቀመጥ ላዩ ልክ ነው፤ የሚዘመው ገንዳው ነው። 4 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ገንዳ 1 ሜትር ውኃ ሲይዝ 12,500 ሊትር ገደማ ነው፤ ይህ 12 ቶን ተኩል ማለት ነው። ክብደቱ መሬቱን ከመጫኑም ሌላ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ጥልቀቱ 1 ሜትር በሆነበት ቦታ በእያንዳንዱ ሜትር ግድግዳ ላይ 500 ኪሎ ያህል ግፊት አለ። ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ብቻ ሲጨምር ግፊቱ ወደ 600 ኪሎ ይደርሳል። መሬቱ የተዘነበለበት ወገን ይህን ሁሉ ትርፍ ጭነት ለብቻው ይሸከማል፤ እግሩም የቆመው ጣውላ ላይ ነው። አንድ ዘንግ ከቦታው ከወጣ ውኃው ቀስ ብሎ አይፈስም። በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው፤ አጥር፣ ወንበር፣ ሕፃን፣ ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ።

እኛ አፈሰስነው። ከዚያ በኋላ ነው የዋስትናው ጉዳይ የመጣው። ሻጩ የመመሪያውን ወረቀት ከፍቶ «ልክ ባልሆነ መሬት ላይ ለተተከለ ገንዳ ዋስትና አይሠራም» የሚለውን አሳየን። ልብ በሉ፤ ልክ ያልሆነው መሬት ላይ የተከሉት የራሱ ሠራተኞች ናቸው! «መሬቱን ማስተካከል የባለቤቱ ሥራ ነው» አለን። ከዚያ ወዲህ ነገ ዛሬ እያለ ቆይቶ በመጨረሻ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። የገንዳ ሥራ ማለት መሬቱ ነው። ዘንግ ማያያዝና ላስቲክ ማጥለቅ ሁለት ሰው መመሪያውን እያየ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ወገብ የሚቆርጠው ሣሩን ከነሥሩ መንቀል፣ ድንጋይ መልቀም፣ መደልደልና መጠቅጠቅ ነው። ሻጩ ቀላሉን ሥራ «መገጣጠም» ብሎ ያስከፍላችኋል፤ ከባዱን ሳይነግራችሁ እናንተ ላይ ይጥላል።

ስለዚህ መሬቱ እንዴት እንደሚሠራ ራሳችሁ እወቁት። ረጅምና ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ውኃ ልክ አስቀምጡና ቦታውን በሁሉም አቅጣጫ ለኩ። ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ካለፈ መቆፈር አለ። የሚቆፈረውም ከፍ ያለው ወገን ነው። ዝቅ ያለውን በላላ አፈር መሙላት አያዋጣም፤ 12 ቶን ሲያርፍበት ይሰምጣል። ሣር ላይ መዘርጋትም አይሆንም፤ ሣሩ ከሥር ይበሰብሳል፣ ጠንካራ ቡቃያ ደግሞ ላስቲክ ይበሳል። ለእግሮቹ ሰፊና ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ ያስፈልጋል፤ እሱም ከመሬቱ እኩል ሆኖ መቀበር አለበት። ከላስቲኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ሸራም እንዳይቀር። አሸዋ ብቻውን ከተነጠፈ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል።

«ሰገነት ላይ ወይም ጣሪያው ላይ እናድርግላችሁ» የሚልም አለ። በፍጹም! 1 ሜትር ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,000 ኪሎ ይጭናል። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሠራ ለሰውና ለዕቃ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። መሐንዲስ አስልቶ ካልፈረመበት በቀር ማንም ቢምል አትስሙት።

ስለ ፓምፑ ደግሞ። በካርቶኑ ውስጥ ፓምፕና ማጣሪያ አለ ይሏችኋል፤ እውነትም አለ፤ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ጥሩ ፓምፕ የገንዳውን ውኃ በሙሉ 8 ሰዓት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ማዞር አለበት። ለ12,500 ሊትር ይህ በሰዓት 1,600 ሊትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ማጣሪያው ንጹሕ ሲሆን ብቻ የሚገኝ ነው። ሲቆሽሽ ይዳከማል፣ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ትልቁን ፓምፕ ሊሸጡላችሁ ተመልሰው ይመጣሉ። ቁጥሩን ቀድማችሁ አስሉት። ማስታወቂያው ላይ ያለው ከፍታም የግድግዳው እንጂ የውኃው አለመሆኑን እወቁ፤ ገንዳ እስከ አፉ አይሞላም። መሰላሉ፣ ክዳኑ፣ የክሎሪን መለኪያው በዋጋው ውስጥ መግባታቸውንም አንድ በአንድ ጠይቁ።

ከገንዘቡ በላይ የምፈራው ግን ለልጆች ነው። ሻጮች «ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ሕፃን አይገባበትም» ይላሉ። ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን 5 ሚሊዮን ያህል ከመሬት በላይ የሚቆሙ ገንዳዎች ለጥገና እንዲጠሩ አስታውቋል። ቁመታቸው 1.22 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ምክንያቱ በዘንጎቹ ውጫዊ ጎን የሚዞረው ማጠንከሪያ ቀበቶ ነው፤ ሕፃናት እሱን እንደ መርገጫ ተጠቅመው ይወጣሉ። በዚህ መንገድ ገብተው ሰጥመዋል የተባሉ 9 ሕፃናት ሞተዋል። ታላላቆቹ እንኳ 3 ዓመት አልዘለሉም። የምትገዙት ገንዳ እንዲህ ያለ ቀበቶ ካለው፣ በተለይ አሮጌ ከሰው የምትገዙ ከሆነ፣ አትግዙት። ያላችሁ ደግሞ ቀበቶውን ዝም ብላችሁ አትቁረጡ፤ ዘንጎቹን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። አምራቹ የሚተካበትን ገመድ ይሰጣል፤ ገመዱ ከታሰረ በኋላ ነው ቀበቶው የሚቆረጠው።

በአራቱም በኩል ቢያንስ 1.2 ሜትር የሆነ፣ ልጅ የማይወጣበትና በሩ ራሱ የሚዘጋ አጥር ያስፈልጋል። ስትጨርሱ መሰላሉን አንሱ። ፓምፑን፣ ወንበሩን፣ የአበባ ማሰሮውን ከገንዳው አርቁ፤ ለሕፃን ሁሉም መወጣጫ ነው። ልጅ ሲሰጥም ደግሞ አይጮኽም። ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚያልቀው። ትልልቆቹንም ቢሆን ዘልሎ በጭንቅላት መግባትን ከልክሉ፤ 1 ሜትር ውኃ አንገት ይሰብራል።

ኤሌክትሪኩን በኤክስቴንሽን አታምጡት። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ባለው ሶኬት ላይ ይሁን፤ የሚገጥመውም ኤሌክትሪሺያን እንጂ የገንዳ ሻጩ ልጅ አይደለም። ክሎሪን ከአሲድ ጋር ወይም ሁለት ዓይነት ክሎሪን አንድ ላይ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሁልጊዜ ኬሚካሉን ወደ ውኃ ጨምሩ እንጂ ውኃ ኬሚካሉ ላይ አታፍስሱ።

አሁንም ቢሆን «ይሁን፣ እገዛለሁ» የምትሉ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። መሬቱን ማን እንደሚደለድል፣ በምን ልክ እንደሚደለድል ይጻፍ። ቀሪው ክፍያ ዘንጎቹ ሲቆሙ ሳይሆን ገንዳው ሞልቶ አንድ ቀን ካደረ በኋላ የሚከፈል ይሁን። ውኃው 10 ሴንቲ ሲደርስ ቧንቧውን ዝጉና በሜትር ዙሪያውን ለኩ። በአንዱ በኩል 7፣ በሌላው በኩል 13 ካነበባችሁ ያን ጊዜ ማፍሰስና መሬቱን መልሶ መሥራት ቀላል ነው። ሠራተኞቹ እስኪለካ እንዲቆዩ አድርጉ። «ቸኩለናል» ካሉ ገንዘቡ እናንተ ጋ ይቆይ።

ገንዳው አሁን ግቢያችሁ ውስጥ ቆሞ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ካለ፣ ዛሬውኑ ማንም እንዳይገባበት አድርጉ። መጀመሪያ ሜትር ጠርዙ ላይ አስደግፋችሁ በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱ፣ የእግሮቹን ሥርም አንሱ፤ ያለ ፎቶ ሻጩ ሁሉንም ይክዳችኋል። ከዚያ ባበጠው ወገን ፊት ለፊት ሳትቆሙ፣ በማፍሰሻው በኩል ጎማ ገጥማችሁ ከቤቱ መሠረት አርቃችሁ ቀስ እያላችሁ አፍስሱት።