ሲንክ ወይስ ሎካል፦ የክሮም ኤክስቴንሽን ዳታ የት ይቀመጥ?

ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ስትሠሩ፣ ተጠቃሚው የመረጠው ቋንቋ ወይም የገጽ ቀለም ቦታው ስቶሬጅ ሲንክ (chrome.storage.sync፣ በአካውንት የሚመሳሰል ማስቀመጫ) ነው፤ የክሮም ሲንክ እስከበራ ድረስ በጉግል አካውንቱ ሌላው ኮምፒውተሩም ላይ ያገኘዋል። ግን ጠባብ ነው፦ በጠቅላላው 102,400 ባይት፣ ለአንድ መዝገብ ደግሞ ስሙን ጨምሮ 8,192 ባይት ብቻ። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ የአማርኛ ማስታወሻ 2,700 ፊደል ገደማ ሲያልፍ አይቀመጥም፤ ስህተት ይመልሳል። ይህን ብዙዎች በእንግሊዝኛ ብቻ ሞክረው ይስቱታል። በደቂቃ ከ120 ጊዜ በላይ መጻፍም አይቻልም፤ ስለዚህ ፊደል በተነካ ቁጥር ሳይሆን ተጠቃሚው መጻፍ ሲያቆም አንዴ አስቀምጡ።

ስቶሬጅ ሎካል (chrome.storage.local፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚቀር ማስቀመጫ) ከክሮም 114 ወዲህ 10 ሜጋባይት ይይዛል። ረጅም ጽሑፍና ካሽ (ለፍጥነት በጊዜያዊነት የሚያዝ ዳታ) እዚህ ይግባ፤ ኤክስቴንሽኑ ከብራውዘሩ ሲወገድ ግን አብሮ ይጠፋል። የይለፍ ቃል በሁለቱም አታስቀምጡ፣ የተመሰጠሩ አይደሉም።