በድሬዳዋ የሚገኝ አንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት፦ የወላጅ ግምገማ

ልጄ የተማረችበት ይህ በከዚራ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ቀድሞ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምር ሁለተኛ ደረጃ ሲሆን፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን የከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ ካደረጋቸው በኋላ የመሰናዶ ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ። ተማሪዎች በተፈጥሮ ሳይንስ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ ይመደባሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ሁለተኛዎቹ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ሲማሩ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሁሉም ይሰጣሉ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው የሒሳብ መምህራኑን ነው። ተማሪው መልሱን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትን መንገድ ሰሌዳ ላይ ቆሞ እንዲያስረዳ ያደርጋሉ፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ክፍል በሚቀመጡባት ከተማችን ደግሞ ይህ ዘዴ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት ማን እንደተረዳው፣ ማን እንደሸመደደው ወዲያው ያሳያል።

ቤተ መጻሕፍቱ ጸጥታ ያለውና በቂ ነው። ቤተ ሙከራው ግን ያሳዝነኛል፤ ኬሚስትሪን ያለ ሙከራ ማስተማር ልጆቹን መበደል ነው እላለሁ። የከሰዓቱ ሙቀትም ክፍሎቹን ስለሚያከብዳቸው፣ ከባድ ትምህርቶች ወደ ጠዋት ቢዛወሩ መልካም ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠቱን ተከትሎ፣ ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ ከቤት ርቆ ስለ መፈተን አስቀድሞ ገለጻ ይሰጣል። በተፈጥሮ ሳይንስ ለሚገቡ የቤተ ሙከራውን ሁኔታ አስቀድመው እንዲጠይቁ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ለሚገቡ ግን ያለ ማመንታት እንዲመዘገቡ እመክራለሁ።