በቱቦ ወይስ በደም ስር? መብላት ላቃተው ሕመምተኛ የቱ ይሻላል?

ሰው መብላት ሲያቅተው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ጨጓራን መመገብ ነው። ሌላው ምግቡን በቀጥታ ወደ ደም ስር መስጠት።

ወጪ፦ ቱቦው በጣም ይረክሳል።

አንጀት፦ ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። የአንጀት ሽፋን የሚጠነክረው ምግብ ሲያልፍበት ነው። ሥራ ሲፈታ ሊሳሳ ይችላል። በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎችም ከአሰር (ሰውነት ከማይፈጨው የምግብ ክፍል) የሚሠሩት አሲድ የሽፋኑ ሴሎች ዋና ምግብ ነው። የደም ስሩ መንገድ ይህን ሁሉ ይዘልላል።

አደጋ፦ ቱቦ ተቅማጥና ማስመለስ ያመጣል፤ ምግብ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። የደም ስሩ ደግሞ ለደም ኢንፌክሽንና ለጉበት ጉዳት ያጋልጣል። ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእንግሊዙ ካሎሪስ ጥናት ወደ 2,400 ጽኑ ሕሙማንን አነጻጽሮ በ30 ቀን የሞት መጠን ልዩነት አላገኘም።

ለረጅም ጊዜ ላልበላ ሰው በሁለቱም ቀስ ብሎ መጀመር ግድ ነው። አለበለዚያ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል።

አንጀቱ የሚሠራ ከሆነ፣ በከባድ የቆሽት ብግነት እንኳ፣ ቱቦው ይቅደም። አንጀቱ ከተዘጋ ወይም አብዛኛው በቀዶ ሕክምና ከወጣ የደም ስሩ ሕይወት ያድናል።