ዘንጉን ከፍ ማድረግ ወይስ ጎሉን ማንቀሳቀስ?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መስፈርት ሲከብድ የሚሏቸው ሁለት አባባሎች ከስፖርት ሜዳ የመጡ ናቸው። ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል።

«ሬይዝ ዘ ባር» (ዘንጉን ከፍ ማድረግ) ከከፍታ ዝላይ የመጣ ነው። ዘንጉ ከፍ ይላል፤ ግን ለሁሉም እኩል፣ ያውም ዝላዩ ሳይጀመር። ኩባዊው ሃቪየር ሶቶማዮር በ1993 እ.ኤ.አ. 2.45 ሜትር ዘሏል። የእግር ኳስ ጎል ቁመት 2.44 ሜትር መሆኑን ልብ በሉማ፤ ሰውዬው ከጎል አግዳሚ በላይ ነው ያለፈው! ስለዚህ በዚህ አባባል መስፈርቱ ሲከብድም ክብር አለው።

«ሙቭ ዘ ጎልፖስትስ» (ጎሉን ማንቀሳቀስ) ግን ኳሷ ከተመታች በኋላ ቋሚውን መጎተት ነው። አንድ አለቃዬ «ሦስት ገጽ ይበቃል» ብሎኝ፣ ሪፖርቱን ሳስረክብ «ሰንጠረዡስ? የአምናውስ?» አለኝ። ይሄን «ሬይዝ ዘ ባር» ብዬ ብጠራው ማመስገን ይሆንብኛል።

በአማርኛ «መስፈርቱን ከፍ አደረገ» የመጀመሪያውን ይተካል። ለሁለተኛው «ከድጡ ወደ ማጡ» ማለት ግን አይገጥምም። ማጡ ድሮም እዚያው ነበር፤ ጎሉን ግን የጎተተው ሰው አለ።