ታንክ ሲገዛ ከፋዩ እኛ ነን፤ ውሉ ሳይፈረም ጠይቁ

ወገኖቼ፣ ታንክ ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ሰው የለም። ሒሳቡ ግን የሚመጣው እኛ ግብር ከፋዮች ጋ ነው። ስለዚህ እንደማንኛውም ሸማች ዓይናችንን ከፍተን እንጠብቅ።

እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ታንክ «የሥራ ዕድል ይፈጥራል» ተብሎ ሲሸጥ ነው። የአሜሪካውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሬይ ኦዲዬርኖ ለኮንግረሱ ተጨማሪ አብራምስ ታንክ አያስፈልገንም ብለው ነበር። ያኔ ከ2 ሺህ በላይ ታንኮች ካሊፎርኒያ በረሃ ላይ ተደርድረው ቆመው ነበር። ኮንግረሱ ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር መደበ። ለምን? ታንኩ የሚሠራው ኦሃዮ ውስጥ ሊማ ከተማ ነው፤ ዕቃ አቅራቢዎቹ ደግሞ በብዙ ግዛቶች ተበትነዋል። እያንዳንዱ እንደራሴ የሚያስበው የራሱን መራጭ ነው። በእርግጥ ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ ፋብሪካ አንዴ ከተዘጋ ልምድ ያለውን በያጅ መልሶ ማሰባሰብ ከባድ ነው። እንዲያ ከሆነ ግን ገንዘቡ በስሙ ይጠራ። የፋብሪካ ድጎማ ከሆነ ድጎማ ይባል።

ሌላው ወጥመድ ዕቃው በወጉ ሳይፈተን ገንዘቡ መውጣቱ ነው። እንግሊዝ 589 ኤጃክስ ብረት ለበሶችን በ5.5 ቢሊዮን ፓውንድ አዘዘች። ኤጃክስ ታንክ አይደለም፤ የግዢው መንገድ ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አገልግሎት ይጀምራል ተብሎ ነበር። 2021 ሲያልቅ 3.2 ቢሊዮን ፓውንድ ተከፍሎ የመጣው 26 ብቻ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ይባስ ብሎ፣ ሲፈትሹት የነበሩ ወታደሮች በጩኸቱና በንዝረቱ ተጎዱ፤ የጆሮ ሕመም የያዛቸው አሉ። ሙከራው እስከ መቆም ደረሰ። ለወታደሩ ጋሻ ይሁን ተብሎ የተገዛ ነገር ራሱን ወታደሩን ሲጎዳ ያንገበግባል።

«አገር ውስጥ የተሠራ» ሲሏችሁም ቶሎ አታጨብጭቡ። የቱርክ አልታይ ታንክ ለዓመታት የዘገየው በሞተር ነው። ጀርመን የሞተሩን ፈቃድ ስትከለክል ፊታቸውን ወደ ደቡብ ኮሪያ አዞሩ። በ2023 መጀመሪያም ጀርመን ሠራሹ ሊዮፓርድ 2 ያላቸው አገሮች ታንኩን ለዩክሬን ለመስጠት የበርሊንን ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው። ከፍለው የገዙት ታንክ ነው እኮ!

እናም ምክር ቤቱ በጀቱን ከማጽደቁ በፊት እንደራሴያችሁን ጠይቁ። ጦሩ ራሱ ፈልጎታል? ክፍያው የሚለቀቀው ፈተናውን ሲያልፍ ነው ወይስ ቀኑ ሲደርስ? መለዋወጫው ለስንት ዓመት ተይዟል? የሞተሩ ፈቃድ በማን እጅ ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «የአገር ምስጢር ነው» ካሏችሁ እሺ ብላችሁ አትመለሱ። የብረቱ ውፍረት ምስጢር ሊሆን ይችላል። ስንት እንደተከፈለና ስንት ታንክ እንደገባ ግን ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም።